ነፃው ትምህርት ስንት ነው?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን በጅግጅጋ ሻይ ቤቶች ወሬው አንድ ነው፦ ማን አለፈ፣ ማን ወደቀ፣ ማን የት ተመደበ፣ ማን ድንበር ተሻገረ። ከታች የሚነጋገሩትን ሦስት ሰዎች የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። ጭንቀታቸው ግን የከተማው ነው፤ የሚጠቅሱት ደንብና ቁጥርም እውነተኛ ነው። አንደኛዋ ከድንበር ከተማዋ ከቶጎ ውጫሌ ልብስ እያመጣች የምትሸጥ ነጋዴ ናት። ሴቷ ልጇ ዘንድሮ ፈተናውን አልፋለች፣ ወንዱ አምና ወድቋል። ሁለተኛው ከወሎ በወጣትነታቸው መጥተው ጅግጅጋ ላይ የሸበቱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ናቸው፤ ነጋዴዋንም ሒሳብ አስተምረዋታል። ሦስተኛው የወንድሟ ልጅ ሲሆን፣ ሶማሊላንድ ውስጥ ቦረማ ላይ አሙድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የተመለሰ ነው።

ነጋዴዋ፦ መምህር፣ እንደ ድሮው ሒሳብ ይሥሩልኝ። ሴቷ ልጄ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በነፃ ልትማር ነው። ወንዱን ደግሞ ሶማሊላንድ፣ ሐርጌሳ ልኬ በዶላር ላስተምረው ነው። ከአንድ ማህፀን ወጥተው አንዷ በነፃ፣ አንዱ በውድ። ይኼ ምን ዓይነት ነገር ነው?

መምህሩ፦ «በነፃ» ያልሽው ላይ ቆም በይ። ልጅሽ ግቢ ስትገባ ውል ትፈርማለች።

ነጋዴዋ፦ ኮስት ሼሪንጉን፣ ወጪ መጋራቱን ማለትዎ ነው? እሱማ የወረቀት ነገር ነው።

መምህሩ፦ ወረቀቱ ዕዳ ነው። ደንብ ቁጥር 91/1995 ይባላል፤ ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። የምግብና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተማሪው ይጋራ ይላል። አስቀድሞ መክፈልም ይቻላል፤ ብዙው ግን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠበት ይከፍላል። መምህር የሚሆን በአገልግሎቱ ያካክሳል።

ተመራቂው፦ ጋሼ፣ ዋናዋን ዘለሏት። ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ኦሪጅናል ዲግሪውን አያገኝም። እዚህ የተማሩ ጓደኞቼ ቴምፖ፣ ጊዜያዊ ማስረጃ፣ ይዘው ነው የሚዞሩት። ጤና ቢሮ ወይም ትምህርት ቢሮ ለመቀጠር ቴምፖው ይበቃቸዋል። ወደ ውጭ ለመሄድ ሲነሡ ግን ኦሪጅናሉ ግድ ይሆናል፤ ያኔ ገንዘቡን ባንድ ጊዜ ፈላልገው ይከፍላሉ።

መምህሩ፦ አክስትህ የውጫሌን መንገድ ስትመላለስበት ስለኖረች ኬላ ምን እንደሆነ አይነገራትም። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ኬላው መውጫው ላይ ነው፤ የሐርጌሳውና የቦረማው መግቢያው ላይ።

ነጋዴዋ፦ መግቢያው ላይ ያለው ግን የሚጠይቀው ዶላር ነው፤ የእኛው ብር።

መምህሩ፦ ጎበዝ! ሒሳቡ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። በ2005 ዓ.ም. አንድ ዶላር 18 ብር ገደማ ነበር። ያኔ 18,000 ብር ዕዳ የፈረመ ተማሪ አንድ ሺህ ዶላር ተበደረ ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። የዚያ ተማሪ 18,000 ብር ዛሬ 180 ዶላር አይሞላም። ምንም ሳይከፍል ከአምስት እጅ አራቱ ቀለጠለት። መንግሥት ይኼን አስቦ ያደረገው አይመስለኝም፤ ብር በወደቀ ቁጥር ግን የቀድሞ ተማሪዎች ዕዳ ይቀልላል።

ነጋዴዋ፦ የእኔው በተቃራኒው ነው። በዚያው ክረምት የዚህን ልጅ የመጨረሻ ሴሚስተር ክፍያ ልልክ ነበር። ዶላሩ ያው ነው፣ ብሩ ግን ወደ እጥፍ ሄደብኝ። ዋላሂ፣ ከሱቁ ዕቃ በኪሳራ ሸጥኩ።

ተመራቂው፦ ቀሪውን አሜሪካ ያለው አጎቴ ሞላልኝ። ለእሱ ምንም አልጨመረም። ለዚህ ነው «ሐርጌሳ ርካሽ ነው ወይስ ውድ?» ሲሉኝ መልሱ የሚቸግረኝ። በዓመት የሚከፈለው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ሚኒያፖሊስ ዘመድ ላለው ቤት ይኼ ከወር ደሞዝ ላይ የሚነሣ ነው። በብር ለሚነግድ ቤት ግን የዓመት ትርፍ ሊሆን ይችላል።

መምህሩ፦ የውጭ ዘመድ የሌለው ደግሞ አለ። እሱን ማን ይቆጥረዋል?

ተመራቂው፦ እሱ ድንበሩን አይሻገርማ።

ነጋዴዋ፦ ለሴቷም ቢሆን የምልክላት አይቀርም። ዕድሜ ልኬን ግቢ የገባ ልጅ ከቤት ብር ሳይጠይቅ አላየሁም። ምግቡ አይበላም ይላሉ።

መምህሩ፦ እንዴት ይበላል? ለአንድ ተማሪ ቁርስ፣ ምሳና እራት የተያዘው በጀት ለዓመታት በቀን 15 ብር ነበር። በኋላ 22 ሆነ። 15 ብር ብሎ የበጀተው ሰው ያን ምሳ ቀምሶት የሚያውቅ አይመስለኝም። በ2017 ዓ.ም. ነው ወደ 100 ብር ያደገው። እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። የትምህርት ዓመቱን 300 ቀን ብንለው በ15 ብር 4,500 ብር ነበር፤ በ100 ብር 30,000 ይሆናል። ደንቡ የምግቡን ወጪ ሙሉ በሙሉ ተማሪው ይጋራ ስለሚል፣ በደንቡ ከሄድን ልጅሽ የምትፈርመው ዕዳ የዛሬ አሥር ዓመት የተፈረመውን አይመስልም። ምግቡ ይሻሻል እንጂ አልቃወምም። ነፃ ነው ብላ እንዳትገባ ነው።

ነጋዴዋ፦ ድንበር ማዶ ያሉት ግን ለምንድነው የሚያስከፍሉት? የመንግሥት ነው የሚባለውም ያስከፍላል እኮ።

ተመራቂው፦ ኤዶ (አክስቴ)፣ መንግሥት መጥቶ ያቋቋመው አይደለማ። አሙድ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲከፈት ሶማሊላንድ ውስጥ ሌላ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ከቦረማ ወጣ ብሎ በእንግሊዝ ዘመን የተሠራ አሙድ የሚባል ስመ ጥር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር፤ ጦርነቱ ካፈራረሰው በኋላ ሽማግሌው፣ ነጋዴውና ውጭ ያለው ዘመድ አዋጥቶ አነሣው። ፕሮፌሰር ሱሌይማን አህመድ ጉሌድ ለረጅም ጊዜ መሩት። መጀመሪያ ያስተማሩት መምህርነትና ንግድ ሥራ ነበር፤ ሕክምናው በኋላ መጣ። ከአሙድ ሁለት ዓመት በኋላ የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ የቡርዖው ተከፈተ። የመንግሥት ተብለው ቢጠሩም የሚያቆማቸው የተማሪው ክፍያ ነው።

መምህሩ፦ ከዚያ በፊት የነበረውንም አስታውስ። በዚያድ ባሬ ዘመን ሞቃዲሾ የነበረው ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን በነፃ ነበር የሚያስተምረው፤ ያውም ብዙውን በጣሊያንኛ። በ1991 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መንግሥቱ ሲፈርስ አብሮት ተዘጋ፤ እንደገና የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ተመራቂው፦ ታዲያ ያንን ያየ ሕዝብ በመንግሥት በጀት ተማምኖ ልጁን ያስተምራል?

መምህሩ፦ አያስተምርም፤ አልፈርድባቸውም። እንዲያውም ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝን ልንገርህ። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ሕዝቡ በእግሩ ወደዚህ ጎረፈ። ሐርቲሼክ ሜዳው ላይ ድንኳን እንጂ መሬት አይታይም ነበር፤ በዓለም ካሉት ትላልቅ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ ነበር ይባላል። ያ መጠለያ የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. ነው። አየህ፣ መጠለያው ሲዘጋ ቦረማም ሐርጌሳም ዩኒቨርሲቲ ነበራቸው። እነሱን ያስጠለለችው ጅግጅጋ ግን አልነበራትም። የእኛው የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ የቀብሪደሃሩ ደግሞ በ2010። የጅግጅጋው ከመከፈቱ በፊት የዚህ ክልል ልጅ ወይ ሐረማያ ወይ አዲስ አበባ ወይ ሌላ ሩቅ ግቢ ካልደረሰው ቤቱ ይቀመጥ ነበር።

ነጋዴዋ፦ እኔስ ማን ሆንኩና! አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጫሌ የገባሁት ለዚህ አይደል?

መምህሩ፦ አውቃለሁ ልጄ። በሒሳብ ግን ማንም አይቀድምሽም ነበር።

ተመራቂው፦ አሁን ደግሞ ሁለቱም ወገን ይመላለሳል። የሶማሊላንድ ወጣት ለማስተርስ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣል፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል የሰጣቸውም አሉ። አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አድማስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሐርጌሳ ድረስ ሄዶ ካምፓስ ከፍቷል። ኢትዮጵያዊ ኮሌጅ ሐርጌሳ ውስጥ በዶላር ያስተምራል፣ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ደግሞ የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ፍለጋ ይሄዳል።

ነጋዴዋ፦ የመሥራቾቹን ታሪክ ተዉትና ወደ ልጆቼ እንመለስ። እሱ ለምን ወደቀ? ሰነፍ አይደለም።

መምህሩ፦ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከገባ ወዲህ ማን ያላወደቀው አለ? በ2014ቱ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በመላ አገሪቱ 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከሺህ በላይ የሆኑባቸው ዓመታት አሉ። ድሮ ለታዳጊ ክልሎችና ለሴቶች ዝቅ ያለ መግቢያ ነበር፤ አሁን ያ አስተያየት በዋናነት የቀረው ለሪሚዲያሉ፣ ላላለፉት ለሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት ነው።

ነጋዴዋ፦ ሪሚዲያሉንም ሞክሮ አልሆነለትም።

መምህሩ፦ እንግዲህ የእኛ ትምህርት ዋጋው እዚህ ጋ ነው። ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላዩን በር ላይ አስቀርተን ለቀሩት ጥቂቶች «በነፃ ተማሩ» እንላለን። ለገባው ርካሽ ነው፤ ለቀረው ዋጋ እንኳ አልወጣለትም። ሐርጌሳ ያለ ዩኒቨርሲቲ ግን የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃህንና ክፍያህን ካየ ያስገባሃል።

ተመራቂው፦ ጋሼ፣ ያለ ፈተና ነው የሚገባው እያሉኝ ነው? የፎርም ፎር፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ፣ ፈተና አለ፤ ለሕክምና ደግሞ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለ።

መምህሩ፦ አለ። እንደኛ ከመቶ አሥር እንኳ የማያልፍበት ግን አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ክፍሉን የሚሞላው በከፋይ ተማሪ ነውና ብዙ ልጅ ቢመልስ የሚጎዳው ራሱን ነው።

ነጋዴዋ፦ የሴቷንስ ምን ልበል? አልፋለች፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ምደባው እስኪወጣ እንቅልፍ የለኝም። ጅግጅጋ ወይም ድሬዳዋ ከደረሳት ጥሩ። ሩቅ ቢጥሏትስ? በ2012 ወልድያ ግቢ ውስጥ ልጆች ሲገደሉ የጎረቤቴ ልጅ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ አቋርጦ መጣ፣ አልተመለሰም። የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ መንገድ ላይ ታግተው ነው የቀሩት። እኔ ሐርጌሳ እህቴ ጋ ልልካት እችላለሁ። ልከፍል እችላለሁ። ማታ የት እንዳደረች አውቃለሁ።

መምህሩ፦ ይኼ ፍርሃት በየትኛውም የወጪ ሠንጠረዥ ላይ የለም፤ ወላጅ ግን የሚያስበው መጀመሪያ እሱን ነው። አልቀልድብሽም። ስመጣ የእኔም እናት አልቅሳለች፤ ሶማሌ አገር ሄደ ብላ።

ነጋዴዋ፦ ይኸው እስካሁን አልበላንዎትም።

መምህሩ፦ አልበላችሁኝም፤ እንዲያውም አወፈራችሁኝ። አየሽ፣ ምደባው የታሰበው የሶማሌ ልጅ ጎንደርን፣ የጎንደር ልጅ ጅግጅጋን እንዲያውቅ ነው። ሰላም ሲሆን የዚህን ያህል ጥሩ ነገር የለም። ሰላም ሲጠፋ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ያሰበው ሰው አይደለም፣ ልጁ ነው። በ2010 ሐምሌ ጅግጅጋ ላይ የደረሰውን ሁከት አይተሻል፤ ያኔ የሚፈሩት የሌላ አገር ወላጆች ነበሩ።

ተመራቂው፦ ሌላም አለ፤ የምትማረውን አትመርጥም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም የጋራ ነው፤ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ትማራለህ። ከዚያ በውጤትህ ዲፓርትመንት ትመደባለህ። ፋርማሲ አስቦ ገብቶ የእንስሳት ሳይንስ የደረሰው ስንት አለ! እኔ ግን ቦረማ ስመዘገብ የምማረውን መርጬ ነው የተመዘገብኩት።

መምህሩ፦ ከፍለህ መርጠሃል። የመረጥከው ደግሞ ሥራ ይኑረው አይኑረው የነገረህ የለም።

ተመራቂው፦ እሱ እውነት ነው። ግን ክፍያው አንድ ነገር አስተምሮኛል። ሴሚስተሩ ሲጀመር አክስቴ ምን እንደሸጠች አውቅ ነበር። መምህር ከቀረ «ለምን ቀረህ?» እንላለን። እዚህ የሚማሩ ጓደኞቼ መምህር ሲቀር ደስ ይላቸዋል።

መምህሩ፦ ያንተው መምህር ግን ጠዋት አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ከሰዓት ሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚሮጥ አልነበረም?

ተመራቂው፦ (እየሳቀ) ነበር። ሁለቱ ብቻ ሳይሆን ሦስተኛውም ላይ ያስተምራል የሚሉ ነበሩ።

መምህሩ፦ ስለዚህ ክፍያ ብቻውን ጥራት አያመጣም። የእኛው የመውጫ ፈተና ያሳየውን እይ። በ2015 ሐምሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከሁሉም ተፈታኝ ያለፈው 40.65 በመቶ ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የወጡት 62.37 በመቶ አለፉ፤ ከግል የወጡት 17.2 ብቻ። እዚሁ ጅግጅጋ ከፍሎ የተማረ ልጅ አራት ዓመት ቆጥሮ፣ ገንዘቡን ጨርሶ በአንድ ቀን ፈተና ዲግሪውን አጣ።

ተመራቂው፦ ከመንግሥቱም ከመቶ ሠላሳ ስምንት ገደማ ወድቀዋል እኮ፤ እነሱ በሦስት በመቶው በኩል ያለፉት ባይሆኑም። የግሉ ልጅ ሲገባም ደካማ ሆኖ ነው የገባው፤ ጎበዙን መንግሥት ወስዶታል። ጎበዝ መርጦ ጎበዝ ማውጣት ምን ይገርማል?

መምህሩ፦ ይኼ ያስኬዳል። እኔም ብሆን ኮሌጁን ብቻ አልወቅስም። ግን ከፋዩ ወላጅ ማወቅ ያለበት፣ ድንበር ማዶ እንደዚህ ሁሉንም በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ፈተና ስላልተለመደ፣ ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ስም ብቻ መሆኑን ነው። ለምሳሌ ሕክምናውን አልንቀውም፤ የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ሶማሊላንድ እየሄዱ ሲያስተምሩና ሲፈትኑ ኖረዋል። ኤድና አዳን ጡረታዋን አፍስሳ ባሠራችው ሆስፒታል የሠለጠኑ አዋላጆችም ስም አላቸው። ፎቅ ተከራይቶ ማኔጅመንት የሚያስተምረው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱማ እዚህም ሞልቷል።

ነጋዴዋ፦ ጅቡቲስ? ደወሌ ያሉ ደንበኞቼ ልጆቻቸውን እዚያ ያስተምራሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።

መምህሩ፦ የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው የቆመው፤ ከዚያ በፊት የነበረው በ2000 የተጀመረ አነስተኛ ተቋም ነበር፣ ከዚያም በፊት ልጆቻቸው ፈረንሳይ ነበር የሚሄዱት። መንግሥት ስለሚደጉመው ክፍያው ቀላል ነው። ሦስት ዓመት ሊሳንስ፣ ሁለት ዓመት ማስተር፤ የፈረንሳይ አሠራር ነው። ግን በፈረንሳይኛ ነው፤ መግቢያውም ባካሎሬያ ነው። ከሽንሌ ወይም ከአይሻ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ ተምሮ የመጣ ልጅ በምን አፉ ይገባል? እዚያው ከልጅነቱ ካላደገ አይሆንም።

ተመራቂው፦ ኬንያ ደግሞ መንግሥት ይመድባል፣ ያበድራል፣ ብድሩም ወለድ አለው። በ2023 እ.ኤ.አ. ድጎማውን በቤተሰብ አቅም የሚለይ አዲስ አሠራር አምጥተው ፍርድ ቤት ደርሶባቸው ነበር። ለእኛ ሩቅ ነው። ካምፓላ የሄዱ ጓደኞች አሉኝ፤ ኪራዩና ምግቡ ከትምህርቱ ይበልጣል ይላሉ። እኔ ቦረማ የእናቴ እህት ቤት ነው የኖርኩት። አራት ዓመት ኪራይ አልከፈልኩም፣ ምግብ አልገዛሁም። ያንን ብደምረው ከክፍያው አይተናነስም። ድንበሩ ዘመድ አይለይም፤ እኛን ርካሽ ያደረገው እሱ ነው።

ነጋዴዋ፦ እሱማ ልጅን የሚያሳድገው ዘመድ ነው። ይልቅ ዲግሪህ እዚህ ሠራልህ ወይ?

ተመራቂው፦ (ዝም ብሎ ቆይቶ) አቻ ግምት አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ነው ያስጨረስኩት። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው የሚሠራው። ተቋሙ በአገሩ ዕውቅና አለው ወይ፣ ከታች ያለው ማስረጃህስ የት ነው ይሉሃል። ሶማሊላንድ ራሷ ሰፊ ዓለም አቀፍ ዕውቅና የላትም፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን አላት፤ በዚያ በኩል ነው የሚጣራው። እስኪያልቅ ድረስ በግል ድርጅት በትንሽ ደሞዝ ሠራሁ። ቴምፖ የያዙት ጓደኞቼ ቀድመውኝ ተቀጥረው ነበር።

መምህሩ፦ አየሽ፣ ከሐርጌሳ የሚመጣም መውጫው ላይ ኬላ አለበት፤ ያኛው ግን አዲስ አበባ ነው ያለው። ከጅግጅጋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ።

ነጋዴዋ፦ ሁለታችሁም የምትሉት ገብቶኛል። አንድ ነገር ግን አልቆጠራችሁም። ልጄ ወድቆ ቤት ተቀምጧል። ማታ ማታ ከእኩዮቹ ጋር ስልክ ላይ ነው። ስለ ምን እንደሚያወሩ አውቃለሁ፤ ስለ ተህሪብ፣ በሕገወጥ መንገድ ስለ መሰደድ ነው። በዚህ ሰፈር ልጆቻቸው ሊቢያ ተይዘውባቸው ግመል የሸጡ፣ ቤት የሸጡ አባቶች አሉ። መጋፌው፣ አጋቹ ደላላ፣ ደውሎ «ክፈሉ» ሲል ዶላር ነው የሚጠራው። ያንን ከምከፍል ለዩኒቨርሲቲ ብከፍል አይሻልም?

ተመራቂው፦ ኤዶ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሐርጌሳም ቦረማም ተመርቀው ሥራ አጥተው በተህሪብ የሄዱ አሉ። ከእኔ ጋር ጋውን የለበሱ።

ነጋዴዋ፦ አውቃለሁ። አራት ዓመት ግን አራት ዓመት ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከሚሄድ በሃያ ሦስት ዓመቱ ቢያስብ ይሻላል።

መምህሩ፦ ይኼን ልቃወምሽ አልችልም። እኔ ስለ ዲግሪ ሳወራ አንቺ ስለ ልጅሽ ነበር የምታወሪው። ዕድሜ መግዣ ከሆነ ግን ሌላም መግዣ አለ። እዚሁ ቴክኒክና ሙያ አለ፤ ኤሌክትሪክ፣ የመኪና ጥገና፣ የቧንቧ ሥራ። ጅግጅጋ ስንት ቤት እየተሠራ ነው፤ ሠራተኛው ከየት ነው የሚመጣው?

ነጋዴዋ፦ ከሌላ ክልል።

መምህሩ፦ አዎ። ከዚያም ጋር እንደ ግል ተፈታኝ ተመዝግቦ ፈተናውን እንደገና ይውሰድ። አንድ ዓመት ነው። ቢያልፍ መንግሥት ያስተምረዋል፤ ባያልፍ ሙያ ይዞ ሐርጌሳ ይሂድ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ውስጥ አትግቢ።

ተመራቂው፦ ነፃውም ቢሆን እየጠበበ ነው ጋሼ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአዋጅ 1294/2015 መሠረት ራስ ገዝ ሆኗል፤ ከፍሎ የሚማር ተማሪም ይቀበላል። ሌሎቹም ይከተላሉ ይባላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ይኼ ክርክር ሐርጌሳ ወይስ ጅግጅጋ መሆኑ ይቀርና ማን ያስከፍል፣ ስንት ያስከፍል ሊሆን ይችላል።

መምህሩ፦ ያኔም ጥያቄዬ ያው ነው። ለሌለው ማን ይከፍልለታል? ሐርጌሳ ዘመድ ይከፍላል፤ ዘመድ የሌለው ቀረ። እኛ ጋ መንግሥት ይከፍላል፤ ፈተናውን ያላለፈ ቀረ። ሁለቱም የሚያስቀሩት የደሃውን ልጅ ነው። የገጠሩ ትምህርት ቤት መምህርና መጽሐፍ ሳይኖረው ግማሽ አምጣ የተባለው ልጅና የውጭ ዘመድ የሌለው ልጅ ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ነው። ይኼን የሚፈታ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም በኩል አላየሁም፤ የሚፈታውም ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

ነጋዴዋ፦ እሺ፣ ወሰንኩ። ሴቷ የተመደበችበት ትሂድ፤ ስለ ቦታው ሰላም አጥብቄ እጠይቃለሁ እንጂ አላስቀራትም። ኮስት ሼሪንጉንም የምትፈርመው ወረቀቱን አንብባ፣ ቅጂውን ለእኔ አምጥታ ነው። ወንዱ እንዳሉት ዘንድሮ እዚሁ ይፈተን፤ ቀን ሙያ ይማር። ካልሆነ ሐርጌሳ እልከዋለሁ፤ ያኔ አትከልክሉኝ።

መምህሩ፦ አልከለክልሽም። ግን የመጀመሪያውን ሴሚስተር ክፍያ በዛድ፣ በሞባይል ገንዘብ፣ ከመላክሽ በፊት ባለሥልጣኑን ጠይቂ። ያ ተቋም፣ ያ የትምህርት ክፍል እዚህ አቻ ግምት ያገኛል ወይ? አሥራ ሁለተኛ ላይ ግማሽ ያላመጣ ልጅ ዲግሪ ይዞ ሲመለስስ ይቀበሉታል ወይ? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበይ። የእያንዳንዱን ክፍያ ደረሰኝም በልጁ ስም አስቀምጪ። ይኼን ሳያደርግ ገንዘብ የሚልክ ወላጅ በዚህ ከተማ ብዙ ነው።